ለከባድ መኪና የትኛው የጎማ ባላንስ ይሻላል?

ባለፈው ክረምት ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ጎማ ቤት ቆሜ ነበር። የአንድ ኤፍኤስአር (የአይሱዙ ጭነት መኪና) የፊት ጎማ ባላንስ ማሽኑ ላይ ይሽከረከራል፤ ባላንስ ማለት የጎማውን ክብደት ዙሪያውን ማመጣጠን ነው። ማሽኑ ቆመና ለውስጥ በኩል 260፣ ለውጭ በኩል 190 ግራም ጠየቀ። ልጁ እርሳስ (ቸርኬው ላይ የሚታሰረውን ማመጣጠኛ ክብደት) ፍለጋ ሳጥኑን መጎርጎር ጀመረ። አጠገቤ የነበረው ሾፌር ምንም ሳይናገር ጎንበስ አለና በካቻቢቴ የቸርኬውን (ጎማው የሚገባበትን ብረት) ውስጥ ጫር ጫር አደረገው። መዳፍ የሚያህል የደረቀ ጭቃ ወለሉ ላይ ወደቀ። "አሁን ድገመው" አለው። ሲደገም በሁለቱም በኩል የተጠየቀው ከ100 ግራም በታች ሆነ።

ልጁ ጭቃውን ባላንስ ሊያደርግ ነበር ማለት ነው። ጭቃው ደግሞ ሞጆ ሳይደርስ ይረግፋል። እርሳሱ ግን አይረግፍም።

ትራንስፖርት ላይ ያሉ ወዳጆቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል። በማሽን እናስደርግ? ጎማ ውስጥ የሚጨመረው ፍሬ ይሻላል? ከቸርኬው ጀርባ የሚታሰረው ቀለበትስ ገንዘቡን ይመልሳል? ሻጩን ከጠየቃችሁት መልሱ ሁሌም ያው ነው፤ እሱ የያዘው ይሻላል። እኔ የምሸጠው ነገር የለኝም። አንዱን ዘዴ ካንዱ እንዴት እንደምለይ ልንገራችሁ።

በቅድሚያ፦ ችግሩ የባላንስ ነው ወይ?

ጋራዥ ውስጥ በብዛት የሚባክነው ገንዘብ እዚህ ጋ ነው። መሪ ተንቀጠቀጠ ማለት ሁሉ ባላንስ አይደለም።

የባላንስ መንቀጥቀጥ ጸባይ አለው። በዝግታ ስትሄዱ የለም። ፍጥነት ሲጨምር ይመጣል፣ አንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ይብሳል፣ አንዳንዴ ያን ፍጥነት ስታልፉት ቀለል ይላል። መሪው ላይ ከሆነ ወደ ፊት ጎማ ጠርጥሩ፤ ወንበሩ ላይ ከሆነ ወደ ኋላ።

ፍሬን ስትይዙ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ግን የታምቡር (የፍሬን ከበሮ) ጉዳይ ነው። መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ የጎማ ንፋስ ወይም አላይመንት (የጎማውን አቅጣጫ ልክ) እዩ። ጎማው በአንድ ጠርዙ ብቻ ከተላጨም አላይመንት ነው። እዚህም እዚያም እየጎደጎደ ከተበላ ባላንስ ሊሆን ይችላል፤ የደከመ አሞርዛቶሪ (ንዝረት አብራጅ) ወይም የላላ ኩሽኔታም (ጎማው የሚዞርበት ተሸካሚ) ሊሆን ይችላል። ኩሽኔታው ላልቶ እያለ ባላንስ ማስደረግ ጣራው እያፈሰሰ ወለል እንደመወልወል ነው።

ክብ ያልሆነን ጎማ ደግሞ የትኛውም ባላንስ አያድነውም። ቀላል ምርመራ አለው። መኪናውን በክሪክ አንሱ፣ መደገፊያ ስታንዱን አትርሱ። አንድ እንጨት መሬት ላይ አስደግፋችሁ ጫፉን ወደ ጎማው ጥርስ አስጠጉ። ጎማውን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። በእንጨቱና በጎማው መሃል ያለው ክፍተት ከ2.5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋና ከጠበበ ጎማው ወይም ቸርኬው ክብነቱን አጥቷል፣ አለበለዚያም ጎማው ቸርኬው ላይ በትክክል አልተቀመጠም። ጎማው ከቸርኬው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ላይ ቀጭን መስመር አለች። ከቸርኬው ጠርዝ ያላት ርቀት ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ንፋሱን አውጥቶ እንደገና ማስቀመጥ ነው፤ እርሳስ አያስፈልግም።

ሱማሌ ተራ ያገለገለ ቸርኬ የምትገዙም ይህን እዩ። ቀለም የተቀባ ጠማማ ቸርኬ ቀለሙ ደምቆ ያታልላል።

የምመዝንባቸው ነጥቦች

ዋናው ፍጥነት ነው። የአንድ ጎን ክብደት ጎማውን የሚጎትትበት ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። በቁጥር ላሳያችሁ። 315/80/22.5 የሚባለው የከባድ መኪና ጎማ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ ወደ 7 ጊዜ ይዞራል። ጥርሱ አካባቢ 100 ግራም ትርፍ ክብደት ካለ በእያንዳንዱ ዙር 9 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ኃይል ይጎትታል። በ40 ኪሎ ሜትር ይኸው 100 ግራም ጉልበቱ ከ2 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። በ100 ደግሞ ወደ 14 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ ከሜክሲኮ ፒያሳ ሲርመሰመስ የሚውል መኪናና የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ የሚወጣ መኪና አንድ ዓይነት ባላንስ አያስፈልጋቸውም። ፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማ ውስጥ የተደበቀ ችግር ሁሉ እዚያ ላይ ይወጣል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ጎማው በዓመት ስንት ጊዜ ይከፈታል የሚለው ነው። ቀልድ አይደለም፤ የባላንስ ትልቁ ጠላት ጎሚስታው ነው። ሰውየው ጥፋተኛ ሆኖ አይደለም፣ ሥራው መክፈት ስለሆነ ነው። ካላማዳሪያ (የውስጥ ጎማ) ያለው 1200-20 ጎማ በፈነዳ ወይም በተነፈሰ ቁጥር ከቸርኬው ይወጣል። ሲመለስ ደግሞ በነበረበት ቦታ አይመለስም።

አስቡት። ጎማው አንድ ጎኑ በ200 ግራም ይከብዳል፤ ማሽኑ በተቃራኒው 200 ግራም እርሳስ አስሮ አመጣጠነው። አዋሽ ላይ ጎማው ተከፈተና በግማሽ ዙር ዞሮ ገባ። እርሳሱ ቸርኬው ላይ ባለበት ነው። አሁን ከባዱ ጎንና እርሳሱ አንድ ላይ ሆኑ። ልዩነቱ 400 ግራም ገባ። ባላንስ ካልተደረገው ጎማ በእጥፍ ይብሳል ማለት ነው። "ባላንስ አስደርጌ ባሰብኝ" የሚል ሾፌር ስትሰሙ አትሳቁበት።

መድኃኒቱ ጠመኔ ነው። ጎማው ከመከፈቱ በፊት ከቫልቭ መውጫው ትይዩ ጎማው ላይ ምልክት ማድረግና ሲመለስ ምልክቱን ከቫልቩ ጋር ማግጠም። ከማንኛውም ዘዴ በፊት ይህን ረዳቱን አስተምሩት።

ቀሪዎቹ ነጥቦች አጭር ናቸው። ዘዴው የሚያስተካክለው ጎማና ቸርኬን ብቻ ነው ወይስ ታምቡሩንም ይጨምራል? መሃል ከተማ ይሠራል ወይ? ወጪውስ የአንድ ቀን ነው ወይስ የዓመት? ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልሰጣችሁም። የአንድ ጊዜ ዋጋውን በዓመት ጎማ በሚከፈትበት ብዛት አባዙት። ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይወደዳል።

ምንም አለማስደረግ፣ ግን በደንብ መግጠም

ይህም አንድ አማራጭ ነው፤ ለብዙ መኪና ደግሞ ይበቃል። አዲስ ጎማ ላይ ቢጫ ነጥብ ካያችሁ ያ የጎማው ቀላል ጎን ነው። ቫልቩ ያለበት የቸርኬው ጎን ከበድ ስለሚል ቢጫውን ነጥብ ከቫልቩ ትይዩ ታደርጋላችሁ። ቀይ ነጥብ ካለና ቸርኬው ላይም ምልክት ካለ ቀዩን ከቸርኬው ምልክት ጋር ማግጠም ይቀድማል። ያ የክብነት ጉዳይ ነው።

ቸርኬውን አጥቡ። ዝገቱን በብረት ብሩሽ ፈግፍጉ። ፍላፑ (በካላማዳሪያውና በቸርኬው መሃል የሚገባው ጎማ) እንዳይታጠፍ እዩ። ከኋላ በጥንዶቹ ጎማዎች መሃል የተሰነቀረ ድንጋይ ካለ አውጡት፤ ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ይዞ ሲዞር የከረመ መኪና አይቻለሁ። ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው የጉልበት ብቻ ነው። ከ50 በላይ ለማይነዳ የግንባታ ገልባጭ ከዚህ ያለፈ ወጪ አይታየኝም።

በውሃ ልክ ማመጣጠን

ጎማው በአግድም ተኝቶ በመሃሉ ያለችው የአየር ዓረፋ ወደየት እንደምትሄድ እየታየ ክብደት ይጨመራል። መሣሪያው ቀላል ነው፣ መብራት አይፈልግም።

ጉድለቱ ጎማን እንደ ምጣድ መቁጠሩ ነው። ምጣድ ቀጭን ስለሆነ የቱ ጎኑ እንደሚከብድ ማወቅ ይበቃል። የከባድ መኪና ጎማ ግን ከበሮ ነው፣ ወርድ አለው። የውስጥ ፊቱ ወደ ላይ፣ የውጭ ፊቱ ወደ ታች ሊከብድ ይችላል። ተኝቶ ሲመዘን እኩል ይመስላል። ሲሽከረከር ግን ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። መሪው ላይ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ደግሞም ጎማው ከነቸርኬው ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ለአውቶሞቢል የተሠራ የውሃ ልክ አይችለውም። ለፊት ጎማ አልመክርም።

በማሽን፣ ተፈትቶ

አብዛኛው ሰው ባላንስ ሲል ይህን ማለቱ ነው። ጎማው ተፈትቶ ማሽኑ ላይ ይሽከረከራል፤ ማሽኑ የውስጡንና የውጩን ለየብቻ ይነግራል። ከበሮውን እንደ ከበሮ የሚያየው ይሄ ነው። ውጤቱን በቁጥር ማየታችሁም ትልቅ ነገር ነው። ክብደቱ ታስሮ ሲደገም ሁለቱም በኩል ዜሮ ወይም ወደዚያ የተጠጋ መሆን አለበት። ሳይደገም ተጠናቀቀ ካሏችሁ አልተጠናቀቀም።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የተበላሁት እዚህ ላይ ነው። የአንድ ጋራዥ ሠራተኛ የፊት ጎማዎቼን ሠርቶ፣ ከፍዬ ወጣሁ። መኪናው ቃሊቲን ሳያልፍ መንቀጥቀጡ እንዳለ ነበር። ስመለስ ሌላ ቦታ ሄድኩና ጉዱ ወጣ። የማሽኑ መያዣ ለቸርኬው መሃል ቀዳዳ አይበቃም ነበር። ባለ 10 ብሎን የከባድ መኪና ቸርኬ ብዙውን ጊዜ የመሃል ቀዳዳው 281 ሚሊ ሜትር ነው። የአይሱዙ መያዣ እሱ ላይ ይዋልላል። ጎማው ከመሃሉ ውጭ ታስሮ የተለካ ነገር ሁሉ ውሸት ነው።

ውሸቱን የምትይዙበት ዘዴ አለ። ባላንስ ተደርጎ ዜሮ ካለ በኋላ ጎማውን ከማሽኑ አላሉትና በግማሽ ዙር አዙረው እንደገና እንዲያስሩት ጠይቁ። ደግመው ያሽከርክሩት። ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ ከቀረ ደህና። 80 እና 100 ግራም ካለ አስተሳሰሩ ልክ አይደለም። ባለሙያው ጥሩ ከሆነ አይከፋውም። ከከፋው ደግሞ መልሱን አገኛችሁ።

ሌላም ነገር አስተውሉ። ማሽኑ ግማሽ ኪሎ ገደማ ከጠየቀ እርሳስ አትደርድሩበት። ጎማውን ቸርኬው ላይ በግማሽ ዙር አስዙራችሁ እንደገና አስለኩ። የጎማውና የቸርኬው ከባድ ጎን አንድ ላይ ገጥመው ከነበር ቁጥሩ በጣም ይወርዳል። ካልወረደ ከሁለቱ አንዱ ችግር አለበት።

የክብደቱ መያዣም ለዚያ ቸርኬ የተሠራ መሆን አለበት። ለካላማዳሪያ ቸርኬ፣ ለቱብለስ (ካላማዳሪያ ለሌለው) እና ለአሉሚኒየም የሚሆነው ይለያያል። ያልገጠመ እርሳስ አንድ ጉድጓድ ሲያገኘው ይበራል። ቸርኬው ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ካልሆነ የሚለጠፈውን ዓይነት አትመኑት።

መሃል አዲስ አበባ ላላችሁ ይህ ዘዴ አንድ ጥቅም አለው። ከባድ መኪና ቀን ቀን መሃል ከተማ እንዳይገባ የሰዓት ገደብ አለ። መኪናው ግን መግባት የለበትም። ሁለቱን የፊት ጎማ ፈትታችሁ በፒክአፕ ጭናችሁ መምጣት ትችላላችሁ። መኪናው ዳር ላይ በስታንድ ቆሞ ይጠብቃል። ወጪውን ስታሰሉ የፒክአፑን ጨምሩ።

ደካማ ጎኑን ቀድሜ ነገርኳችሁ። ጎማው ያለ ጠመኔ በተከፈተ ቁጥር ሥራው ዜሮ ይሆናል፤ አንዳንዴም ከዜሮ በታች። ታምቡሩንም ሀቡንም (ቸርኬው የሚታሰርበትን የመሃል ብረት) አያይም።

በማሽን፣ መኪናው ላይ እንዳለ

መኪናው በክሪክ ይነሳና ጎማው እንደታሰረ በማሽኑ ሞተር ይሽከረከራል። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ሀብ፣ ታምቡር በአንድ ላይ ይመጣጠናሉ። ሌላ ሁሉ ተሞክሮ መንቀጥቀጡ እምቢ ላለ የፊት ጎማ ጥሩ መጨረሻ ነው።

ግን ጎማው ተፈትቶ ሲመለስ ቸርኬው ከቀድሞው ብሎን ላይ ካልገባ ልፋቱ ከንቱ ነው። አንዱን ብሎንና ቀዳዳውን በቀለም ምልክት አድርጉ። የኋላ ጎማ ላይ ደግሞ አደጋ አለው። አንዱ ጎማ መሬት ላይ ሆኖ ሌላው ተነስቶ በመኪናው ሞተር ሲዞር ዲፈረንሻሉ ፍጥነቱን ሁሉ ለተነሳው ይሰጠዋል። ቆጣሪው 60 ሲል ጎማው 120 ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አጠገብ አትቁሙ። መኪናውም ራሱ መገኘት ስላለበት የሰዓት ገደቡ ይመለከታችኋል።

ጎማ ውስጥ የሚጨመር ፍሬ

ከመስታወት፣ ከሴራሚክ ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ ደቃቅ ፍሬዎች ናቸው። ለአንድ ትልቅ ጎማ 300 ግራም አካባቢ ይገባል፤ ትክክለኛው መጠን እንደ ጎማው ልክ አምራቹ በሰጠው ሠንጠረዥ ነው። ጎማው በበቂ ፍጥነት ሲዞርና ከባዱ ጎን መናጥ ሲጀምር ፍሬዎቹ ተንሸራተው ወደ ቀላሉ ጎን ይሰበሰባሉ። ጎማው እየተበላ ሲሄድ እነሱም ቦታ ይቀይራሉ። አንዴ የተቸነከረ እርሳስ ይህን አያደርግም።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። እዚህ ከተማ ላይ ሲመጣ ግን ሦስት ነገር ያስቸግረዋል።

አንደኛ፣ በዝግታ አይሠራም። ፍጥነት ካላገኘ ፍሬው ታች ተኝቶ ይንሸራሸራል፤ መኪናው ቀስ ሲል ሹሽሹታውን ትሰማላችሁ። ለከተማ አውቶቡስ ትርጉም የለውም።

ሁለተኛ፣ ውሃ ይጠላል። ብዙ ጎሚስታ ቤት የኮምፕሬሰሩ ታንክ ውሃ ሳይወጣለት ሳምንት ይሰነብታል። እርጥብ ንፋስ ጎማው ውስጥ ሲገባ ፍሬው ይጓጉላል። አንድ ጎን ላይ የተጋገረ 300 ግራም ፍሬ ባላንስ አይደለም፤ እሱ ራሱ ሌላ ጭቃ ነው። ቫልቩም ማጣሪያ ያለው ካልሆነ ፍሬው ይሰነቀርበትና ንፋስ ያፈሳል።

ሦስተኛው ያው ጎሚስታው ነው። መንገድ ላይ ጎማ ሲከፈት ፍሬው እንደ ጤፍ ይፈሳል። አንድ ረዳት በሃይላንድ ሲለቅም አይቻለሁ፤ ግማሹ አሸዋ ነበር። ካላማዳሪያ ላለው ጎማ አልመክርም። ቱብለስ ከሆነ፣ ረጅም መንገድ ከሆነና ትርፍ ፍሬ ጋቢና ውስጥ ከተያዘ ያስኬዳል። ስትጨምሩት የድሮውን እርሳስ አስነቅሉ፤ ብስ ከሚዘጋ ፈሳሽ ጋርም አትቀላቅሉት።

ፈሳሹን ካነሳሁ አይቀር፣ "ባላንስም ያደርጋል" ተብሎ የሚሸጥ አለ። ሥራው ብስ መዝጋት ነው። መኪናው ሲያድር ታች ይጠራቀማል፤ ጠዋት ስትነሱ መንቀጥቀጡን ጭራሽ ያመጣዋል። ለብስ ከፈለጋችሁት ግዙት፣ ለባላንስ ብላችሁ ግን አትክፈሉ።

ከቸርኬው ጀርባ የሚታሰር ቀለበት

ቀጭን ሳህን ነው፤ ዙሪያውን የታሸገ ቱቦ አለው። ቱቦው ውስጥ የብረት ፍሬዎች በዘይት መሰል ፈሳሽ ውስጥ ይዋኛሉ። በሀቡና በቸርኬው መሃል፣ ከኋላ ደግሞ በጥንዶቹ ቸርኬዎች መሃል ይታሰራል። አሠራሩ እንደ ፍሬው ነው፤ ልዩነቱ ፍሬው ጎማው ውስጥ አለመሆኑ ነው። ጎሚስታው አይነካውም፣ እርጥበት አያገኘውም። ጎማ ቀይሩ፣ ካላማዳሪያ ቀይሩ፣ ቀለበቱ ቦታው ላይ ነው። ከሀቡ ጋር አብሮ ስለሚዞር የታምቡሩንም ይሸከማል።

ለእኛ አገር መንገድና ጎማ በሐሳብ ደረጃ በጣም የሚስማማው ይሄ ይመስለኛል። ችግሩ ዋጋውና ማግኘቱ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የብሎኑን ቁጥርና የክቡን ስፋት ልኩ። ሳህኑ ከገባ በኋላ ብሎኑ ለዳዶው የሚበቃ ርዝመት መትረፉን እዩ። ቱቦው ፍሬን ዕቃ ወይም ንፋስ ቱቦ እንዳይነካ ጎማውን በእጅ አዙራችሁ አረጋግጡ። የሚታሰርበት ፊት ላይ ዝገትና ቀለም ከቀረ ዳዶው ይላላል። እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ጎማ ያስወልቃል፣ ስለዚህ በጥድፊያ አይታሰርም።

ለሁሉም ጎማ መግዛት አያስፈልግም። ባለተሳቢ መኪና 22 ጎማ አለው። ከሁለቱ የፊት ጎማ ጀምሩ።

ሁሉም በአንድ እይታ

| ዘዴ | ምን ያመጣጥናል | ጎማ ሲከፈት | ለካላማዳሪያ ጎማ | ወጪ | የሚሆነው |
|---|---|---|---|---|---|
| ጥሩ ገጠማ ብቻ | ጥቂት | ይደገማል | ይሆናል | በጣም ትንሽ | ገልባጭ፣ ዝግተኛ የከተማ ሥራ |
| ውሃ ልክ | አንድ ፊት ብቻ | ይደገማል | ይሆናል | ትንሽ | ማሽን በሌለበት፣ ለኋላ ጎማ |
| ማሽን፣ ተፈትቶ | ጎማና ቸርኬ፣ ሁለቱም ፊት | ይጠፋል | ይሆናል፣ በጠመኔ ምልክት | መካከለኛ፣ ተደጋጋሚ | አውቶቡስ፣ አይሱዙ፣ የፊት ጎማ ሁሉ |
| ማሽን፣ እንደታሰረ | ሀብና ታምቡር ጭምር | ይጠፋል | ይሆናል | ከፍ ያለ | እምቢ ያለ የፊት መንቀጥቀጥ |
| ፍሬ | ጎማና ቸርኬ፣ በፍጥነት ብቻ | ይፈሳል | አይመከርም | መካከለኛ | ቱብለስ፣ ረጅም መንገድ |
| ቀለበት | ሀብና ታምቡር ጭምር፣ በፍጥነት ብቻ | ይቆያል | ይሆናል | የመጀመሪያው ከባድ | ጅቡቲ ተመላላሽ፣ ጎማው ቶሎ ቶሎ የሚከፈት |

እንደየሥራችሁ

ከተማ ውስጥ የሚሠራ አውቶቡስ ወይም ቅጥቅጥ ካላችሁ፣ ጎማ ስትቀይሩ የፊቶቹን በማሽን አስደርጉ፤ የኋላውን በጥሩ ገጠማ እለፉት። ከለገሃር ስታዲየም 80 የሚነዳ ሾፌር ካላችሁ የሚያስፈልጋችሁ ሌላ ሾፌር ነው።

አይሱዙ ይዛችሁ ከመርካቶ ወደ ክፍለ ሀገር የምትጭኑ፣ ማሽን። የፊቶቹን ጎማ በተከፈተ ቁጥር ባይቻል እንኳ መሪው ምልክት ሲሰጥ። ጠመኔው ከመሣሪያ ሳጥኑ አይጥፋ።

ጅቡቲ የሚመላለስ ባለተሳቢ ወይም ቦቴ ያላችሁ፣ ጎማችሁን እዩ። 1200-20 ባለካላማዳሪያ ከሆነና አቅም ካለ የፊት ሁለቱ ላይ ቀለበት፤ አቅም ካነሰ በማሽን እየደገማችሁ ቀጥሉ። ቱብለስ ከሆነና ጎማው በዓመት አንዴ ሁለቴ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ማሽን ይበቃችኋል። ፍሬ መሞከር የምትፈልጉም በዚህ ጎማ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ግን የጎማው አምራች መፍቀዱን ጠይቁ።

የታደሰ ጎማ ፊት ላይ የምታስሩ ካላችሁ የባላንሱን ነገር ተዉትና ጎማውን ወደ ኋላ ውሰዱት።

ብራችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የምትበቃ ከሆነች ደግሞ ለኩሽኔታና ለአሞርዛቶሪ ስጧት። በደከመ አሞርዛቶሪ ላይ ባላንስ የተደረገ ጎማ በጥቂት ወር ውስጥ እንደገና ጎድጉዶ ይመጣል።

ጎማ ቤት ስትደርሱ

ዋጋው ከነእርሳሱ ነው ወይስ እርሳስ በግራም ይታሰባል ብላችሁ ጠይቁ፤ ጠብ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። የድሮው እርሳስ ሁሉ ከመለካቱ በፊት ይነቀል። ቸርኬው ይታጠብ፣ የመሃል ቀዳዳው በጨርቅ ይጠረግ። መቆለፊያ ቀለበት ያለው ቸርኬ (የባላንሱ ቀለበት አይደለም) ንፋስ ሲሞላ ሰው ፊት ለፊቱ አይቁም፤ ብረት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይሞላ። 120 ፒኤስአይ የንፋስ ግፊት ያለበት ጎማ ቀለበቱን ሲያስፈነጥር የሚያቆመው የለም።

ጎማው ተመልሶ ከታሰረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ። ከመሃል ከተማ ማታ ለወጣ መኪና ይህ ሞጆ አካባቢ ነው። ሻይ ሲጠጣ ረዳቱ ቁልፉን ይዞ ይዙር፣ በዚያውም በባትሪ ቸርኬው ላይ ያለው እርሳስ መኖሩን ይይ። የወደቀ ካለ ቦታው ላይ ንጹሕ ጭረት ያገኛል።